የአዛውንት ቃል የአገር ታሪክ ይከልሳል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በጣሊያን ወረራ ዘመን ላይ፣ በሰሜን ሸዋ፣ የማስተርስ ጥናት እየሠሩ ነው። አዛውንቶችን አነጋግረው ድምፃቸውን ቀርጸዋል። የሰሙት ግን ከመጻሕፍቱ ጋር አልገጥም ብሏቸዋል፤ ቀኑም ቁጥሩም ይለያያል። አማካሪያቸው ደግሞ «የቃል መረጃ ማሟያ እንጂ ዋና ማስረጃ አይሆንም፤ በዚህ የአገር ታሪክ አይከለስም» ብለዋቸዋል። «እውነት ነው? የማይገጥመውንስ ምን ላድርገው?» ይላሉ።

አማካሪዎ ያሉት ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ግን ጎዶሎ ነው። ቃል ብቻውን ታሪክ አይሆንም፣ እሺ። ሰነድስ ብቻውን ይሆናል? ያውም በእርስዎ ርዕስ፣ ሰነዱን ጽፎ ያስቀመጠው ራሱ ገዳዩ በሆነበት? አዛውንት ፊትም ብቀመጥ፣ ቤተ መዛግብት ውስጥ ሰነድ ባገላብጥም የምጠይቀው አንድ ነው፦ ይህን ያለው ሰው እንዴት ሊያውቀው ቻለ? ዐይቶ ነው? ሰምቶ ነው? ወይስ እንዲህ ቢባል ይጠቅመው ነበር? ይህን ለሁለቱም እኩል የሚያቀርብ ተመራማሪ ከሁለቱም ያገኛል። ለአንዱ ብቻ የሚያቀርብ ሌላውን ዝም ብሎ ማመኑ ነው። የአገራችን የታሪክ ክርክር አብዛኛው ጣጣው ከዚህ ይመስለኛል።

ከጥናት ቦታዎ ሳንርቅ ደብረ ሊባኖስን እንይ። ግንቦት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የፍልሰተ ዐፅም በዓል ነበር። የጄኔራል ማለቲ ጦር ገዳሙን የከበበው በዚያው ሰሞን ነው። በበዓሉ ማግስት መነኮሳቱን በካሚዮን እየጫኑ ለጋ ወልዴ ወደሚባለው ስፍራ ወሰዷቸው፤ እዚያም በመትረየስ ጨረሷቸው። የጣሊያን እንደራሴ ግራዚያኒ በቴሌግራም ለሮም ያስታወቀው 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች መገደላቸውን ነው። ከቀናት በኋላ ደብረ ብርሃን አጠገብ እንገጫ ላይ የተረሸኑት 129 ዲያቆናት ሲጨመሩ 449 ይሆናል። ቁጥሩ ያሳምናል። በግምት የተጠጋጋ አይደለም፤ ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ የጻፈው ሰው ግድያውን ያዘዘው ራሱ ነው። ስለዚህም በየመጽሐፉ ሲጠቀስ ኖረ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተመራማሪዎቹ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የአካባቢውን ሰዎችና የተረፉትን አነጋግረው፣ የሰሙትን ከቦታው ጋር አመሳክረው ያወጡት ግምት ከ1,423 እስከ 2,033 ሰው ነው። ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ቴሌግራሙ ውሸት ነበር ወይ? እኔ ወደዚያ አልሮጥም። ቴሌግራሙ የተጻፈው «ጥፋተኛ ነው የተባለውን ገዳም ቀጣሁ» ለማለት ነው፤ ስለዚህ የሚቆጥረው በዋናነት መነኩሴ ነው። ለበዓሉ ከሩቅ የመጣ ተሳላሚ፣ ከሌላ ደብር የመጣ ካህን፣ ልጁን ጠበል ያመጣ ገበሬ በዚያ ሪፖርት ውስጥ ቦታ የለውም። እነዚህን የሚያውቃቸው በዓሉን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ግንቦት 12 ደብረ ሊባኖስ ምን ያህል ሕዝብ እንደሚጎርፍ ለመንደሩ ሰው ማንም አይነግረውም። እዚህ ላይ ቃሉ ሰነዱ የቀረውን ጫፍ ከመሙላት ያለፈ ሥራ ሠርቷል፤ ሰነዱ ራሱ ምን እንደሚቆጥርና ምን እንደማይቆጥር አጋልጧል። «ማሟያ» የሚለው ስም ለዚህ ጠባብ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ መንዝ ነው። በ1931 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን የጣሊያን ጦር ዘረት ላይ አመጸኛ ዋሻ የሚባለውን ከበበ። ውስጡ ከራስ አበበ አረጋይ ወገን የሆኑ አርበኞች ከቁስለኞቻቸው፣ ከአዛውንቶቻቸው፣ ከሴቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር ነበሩ። በመርዝ ጋዝ አፍነው አስወጧቸውና እየደረደሩ ረሸኗቸው። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ በጣሊያን ጦር መዛግብት ያገኘውን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2006 ዋሻው ድረስ ሄደ፤ በኋላም አርኪዮሎጂስቶች ገብተው ዐፅሙንና የኑሮ ዕቃውን አጠኑ። ለአውሮፓ ጋዜጦች ነገሩ ግኝት ነበር። ለዘረት ሰው ግን ምኑም አዲስ አልነበረም፤ ዋሻውን ያውቁታል፣ ማን እንዳለቀበትም ያውቃሉ። ታዲያ ከነጻነት ጀምሮ በተጻፈው የአርበኞች ታሪክ ውስጥ ለምን ጎልቶ አልወጣም? የአርበኞቻችን ታሪክ በአብዛኛው የመሪዎችና የውጊያ ታሪክ ሆኖ ስለተጻፈ ይመስለኛል። ዋሻ ውስጥ ተደብቆ ያለቀ ቤተሰብ ጀብዱ የለውም፣ ሜዳሊያም አያሰጥም። የጎደለው ማስረጃ አልነበረም፤ ሄዶ የሚጠይቅ ነበር የጠፋው።

እዚህ ድረስ ለቃል ተሟገትሁ። አሁን ደግሞ ቃሉን እንፈትን፤ እርስዎን የቸገረዎት ይኸው ነውና።

በቁጥር እንጀምር። አንድ አዛውንት «የካቲት 12 ሠላሳ ሺህ ሰው አለቀ» ቢሉዎት ያንን እንደ ምስክርነት አይመዝግቡት። ሠላሳ ሺህ ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው ቁጥር ነው። በትምህርት ቤት ተነገረ፣ በሬዲዮ ተነገረ፣ በየዓመቱ መታሰቢያው ላይ ተነገረ፤ ቀስ ብሎ ወደ አዛውንቱ አፍ ገባ። ቁጥሩ ትክክል ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው። እርሳቸው ግን የቁጥሩ ምስክር ሊሆኑ አይችሉም፤ ከተማውን ሁሉ ዞሮ የቆጠረ ልጅ የለምና። ሊያውቁ የሚችሉት ግቢያቸውን፣ ሰፈራቸውን፣ ወንዙን ነው። ስለዚህ ጥያቄውን እዚያ ያውርዱት። ልዩነቱ ይህን ይመስላል፦

«እማማ፣ ያን ጊዜ ስንት ሰው ሞተ?»
«ኧረ ምኑን ልንገርህ ልጄ፣ ሕዝብ ነው ያለቀው።»
«እናንተ ግቢ ያን ቀን እነማን ነበሩ?»
«አባቴ ነበር፣ አጎቴ ነበር፣ ውኃ የምትቀዳልን ልጅ፣ ከጓሮ ያሉት ተከራዮች ባልና ሚስት።»
«ማታ ከነዚህ ማን ማን ገባ?»

ሁለተኛውን ጥያቄ ሲሰሙ በጣታቸው መቁጠር ይጀምራሉ። አንድ ግቢ ትንሽ ነገር ነው፤ ሃያ ግቢ ከአንድ ሰፈር ሲሰበሰብ ግን ማንም ጄኔራልም ሆነ ማንም ሚኒስቴር ያልጻፈው መረጃ ይሆናል። ገጠር ላይ ደግሞ እረኛ የነበረውን ሰው «ስንት ሰው ገደሉ?» አይበሉት። ስንት ካሚዮን አለፈ? ሲመለስ ባዶ ነበር? ከብት ስታወጣ ጀመረ ወይስ ስታስገባ? የተኩሱ ድምፅ እስከ ስንት ሰዓት ተሰማ? ዐይኑና ጆሮው የደረሱበትን ይጠይቁት፤ ሒሳቡ የእርስዎ ሥራ ነው።

ቀጥሎ ቀኑ። አብዛኛው የገጠር ሰው ዓመተ ምሕረት ይዞ አይኖርም፤ ወቅት ግን አይስትም። «ጾም ነበር ወይስ ፍስክ? ገብሱ ታጭዶ ነበር? ታቦት ወጥቶ ነበር?» ብለው ሲጠይቁ ቀኑ ወደ ሳምንት ይጠብብልዎታል። ደብረ ሊባኖስ በፍልሰተ ዐፅም፣ ዘረት በፋሲካ መሆናቸው ለእኛ ሥራ ትልቅ ነገር ነው። ለዓመቱም ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ምልክቶች አሉ፦ ክፉ ቀን፣ ሰገሌ፣ የኅዳር በሽታ፣ ጣሊያን የገባ ዓመት፣ ጃንሆይ የተመለሱ ዓመት። ቃል ቀን አያውቅም የሚለውም ቢሆን ለሁሉም ቦታ አይሠራም። ቦረና ዘንድ ታሪክ ዐዋቂዎቹ በየስምንት ዓመቱ የሚለወጠውን የገዳ ዘመን በአባ ገዳው ስም እየጠሩ ብዙ መቶ ዓመት ወደ ኋላ ይቆጥራሉ። ከብዙ የመንደር መዝገብ የሚሻል ነው።

ቀኑ ተጣርቶም አልገጥም ካለ ወዲያው «ረስተዋል» ብለው አይለፉት። ቴርኒ በምትባል የጣሊያን የብረት ፋብሪካ ከተማ የደረሰ ነገር በሙያችን በብዛት ይጠቀሳል። አንድ ወጣት ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1949 በኔቶ ላይ በተደረገ ሰልፍ ፖሊስ ገደለው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሠራተኞቹ ሲጠየቁ ብዙዎቹ የሞተው በ1953 ነው አሉ፤ ፋብሪካው ሠራተኛ በገፍ ባባረረበትና ከተማው መንገድ ዘግቶ በታገለበት ዓመት። ተረስቶ አይደለም። ልጁ ሲገደል ምንም አጸፋ አልሰጡም፤ ያ ሲከነክናቸው ኖሮ ሞቱን ወደታገሉበት ዓመት ወሰዱት። ለ«መቼ ሞተ?» ሰነዱ ይበቃል። «ሞቱ ለከተማው ምን ሆነ?» ለሚለው የተሳሳተው ቀን ራሱ ማስረጃ ነው። የእርስዎም አዛውንቶች አንድ ውጊያ ከየካቲት 12 በኋላ ነው ሲሉ ሰነዱ በፊት ነው ካለ፣ «ለምን ወደ ኋላ ገፉት?» ብለው ይጠይቁ፤ ምናልባት በመንደሩ ትዝታ ውጊያው የበቀል መልስ ሆኖ ይሆናል። ይሆናል ነው ያልሁት፤ ሌላ ምልክት ካላገኙ አይጻፉት።

አሁን ደስ የማይለው ክፍል። ከነጻነት በኋላ ለአርበኛና ለስደተኛ መሬት ይሰጥ ነበር፣ ማዕረግም ነበር። ስለዚህ የዚያን ዘመን የጀብዱ ወሬ የተወሰነው ከመጀመሪያውም ለአቤቱታ የተዘጋጀ ነው። አባት ለመንግሥት ያመለከተውን ልጅ እንደ ታሪክ ወርሶታል። ይህን የምለው ለማንኳሰስ አይደለም፤ ቃሉ መቼና ለማን መጀመሪያ እንደተነገረ ማወቅ አለብዎት ለማለት ነው። ቤተሰቡ ዘንድ የድሮ ማመልከቻ ግልባጭ ካለ እንዲያሳዩዎት ይለምኑ፤ ከሚነገረው ጋር ማስተያየት ነው። የባንዳ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በየመንደሩ ባንዳ ነበረ ይባላል፣ ግን የማንም አያት ባንዳ አልነበረም። በአንድ ቤት አንዱ ልጅ ጫካ ገብቶ ሌላው ለጣሊያን ያደረበት ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ቤተሰብ ሆን ብሎ እንዲያ ተከፋፍሎ ነው ያን ዘመን ያለፈው። ይህ በመቅጃ ፊት አይወጣም። ሲወጣም «እገሌ» ብሎ ለሕትመት ማዋል የተረፈውን ዘር ከጎረቤት ማጣላት ነው፤ ስም ሳይጠሩ ነገሩን መጻፍ ይቻላል።

ሌላው፣ መረጃ ሰጪዎችዎ እነማን ናቸው? በ1929 የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ወደ መቶ ዓመቱ ነው። ስለዚህ የቀረጹት በአብዛኛው የዐይን ምስክር ሳይሆን ከአባት ከእናት የተላለፈ ቃል ነው። ሁለቱ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። «ከማን ሰሙት? እርሱስ የት ነበር? በምን አጋጣሚ ነገረዎት?» የሚለውን ለእያንዳንዱ ወሬ ይመዝግቡ። ሰንሰለቱ ከሁለት ሰው በላይ ከሆነ ዝርዝሩን አጥብቀው አይያዙ። ግጥም ሲመጣ ግን ጆሮዎን ያቁሙ። ፉከራ፣ ቀረርቶ፣ ሙሾ ቤት የሚመታ ስለሆነ እንደ ተራ ወሬ በየአፉ አይለዋወጥም፤ የሰው ስምና የቦታ ስም ይዞ ይቆያል። አልቃሿ ያወጣችው ስም ከአርበኞች ዝርዝር ውስጥ ሊጠፋ ይችላል፤ የሚጣራውም እሱ ነው።

ለዐይን ምስክር ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጎተራ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለመመረቂያ የሠሯቸው ጥናቶች በአብዛኛው በቃል መረጃ ላይ የቆሙ ናቸው። ያኔ የተጠየቁት ሰዎች ወረራውን በጎልማሳነት ያሳለፉ ናቸው። መጨረሻው ገጽ ላይ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር አለ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የተነጋገሩበት ቦታና ቀን። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ገብተው ከወረዳዎ የተሠራውን ሁሉ ያውጡ። አባት በ1960ዎቹ ያሉትን ልጅ ዛሬ ከሚለው ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከቻሉ፣ ቃል በግማሽ ምዕተ ዓመት ምን እንደሚጥልና ምን እንደሚጨምር የሚያሳይ ምዕራፍ አገኙ ማለት ነው። እኔ አማካሪዎ ብሆን ይህን ብቻ ሥሩ እልዎ ነበር።

ስለ አነጋገሩ ጥቂት ልጨምር። መንደር ሲገቡ የሚመሩዎት ወደ አንድ «ዐዋቂ» ነው፤ ተናጋሪው፣ እንግዳ ሁሉ የሚላክበት ሰው። ያክብሯቸው፣ ይስሟቸው፣ ግን እዚያ አይቁሙ። እርሳቸው ያነበቡ ናቸው፤ የሚነግሩዎት ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ አፍ የተመለሰ ሊሆን ይችላል። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሲያወሩ አንዱ የጀመረውን ሌላው ያርማል፣ ጥሩ ነው፤ ሆኖም መጨረሻ ላይ የሚቀረው መንደሩ የተስማማበት ብቻ ነው። ለብቻ ሲያገኟቸው ሌላ ይሰማሉ። ባላቸው ሲናገሩ ቡና እያፈሉ ዝም ያሉት እናት ዘንድ ደግሞ ሌላ ቀን ይመለሱ። ስንቅ ማን አዘጋጀ፣ ቁስለኛው በየትኛው ቤት ተኛ፣ ጥይት በምን ተደብቆ አለፈ፣ የሚለውን የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው። ፈቃድ ሲጠይቁም ወረቀት አስፈርማለሁ አይበሉ፤ ገበሬ ፊርማን ከመሬትና ከግብር ጋር ነው የሚያያይዘው። ፈቃዱን በቃላቸው፣ መቅጃው ላይ፣ ከስማቸው ጋር ይናገሩ። የተናገሩበትን ዘዬም እንዳለ ይገልብጡት፤ «አስተካክላለሁ» ብለው የመንዙን አማርኛ ወደ ጋዜጣ አማርኛ አይቀይሩት።

«የአገር ታሪክ ይከለሳል ወይ?» ለሚለው፣ ከርዕስዎ ወጣ ብዬ በጣም የሚያጨቃጭቀውን ልንካ። በ1870ዎቹ በአርሲ ዘመቻ አኖሌ ላይ እጅና ጡት ተቆረጠ የሚለው የአርሲ ኦሮሞ ትውፊት በ2006 ዓ.ም. ሐውልት ከቆመለት ወዲህ ክርክሩ በሁለት ጎራ ተዘግቷል። አንደኛው «ዜና መዋዕሉ አልጻፈውም፣ ስለዚህ አልሆነም» ይላል። የንጉሥ ጸሐፊ ምን ይጽፋል ምን አይጽፍም ብሎ ግን አይጠይቅም። ሌላኛው «አባቶቻችን ነግረውናል» ብሎ ይዘጋዋል፤ ከማን ለማን፣ መቼ፣ በየትኛው ጎሳ እንደተነገረ መጠየቅን እንደ ስድብ ይቆጥራል። ሁለቱም ሥራውን ዘለውታል። ሥራው የታወቀ ነው፦ ትውፊቱን በየጎሳው ለየብቻ መሰብሰብ፣ ከተጎጂዎቹ የዘር ሐረግ ጋር ማያያዝ፣ ከ1983 በፊት የተመዘገበውን ከዚያ በኋላ ከተመዘገበው መለየት፣ ሐውልቱ የተናጋሪዎቹን ቃል ለውጦ እንደሆነ ማየት። ይህ ሲሠራ የሚወጣው መልስ አንዱን ወገን ያስከፋል፤ ምናልባትም ሁለቱንም። እንዲህ ያለው ጥናት በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ለሕዝብ በሚነበብ መልኩ ቢቀርብ በየስልኩ ከሚወራረፈው ይሻለናል።

ወደ ጥናትዎ ልመለስ። የማይገጥመውን አይቁረጡት፣ እንዲገጥምም አይግፉት። ቴሌግራሙንም የአዛውንቱንም ቃል በዋናው ጽሑፍ ውስጥ ጎን ለጎን ያኑሯቸው፤ እያንዳንዱ እንዴት ሊያውቅ እንደቻለ በግርጌ ማስታወሻ ይግለጹ፤ ከዚያ የእርስዎን ፍርድ ይስጡ። ፍርድ መስጠት ያልቻሉበት ቦታ ላይ ሁለቱንም እንዳሉ አስቀምጠው ይለፉ፤ የሚቀጥለው ተመራማሪ ይጨርሰዋል። አባሪው ላይ የመረጃ ሰጪዎቹን ዝርዝር ሲያወጡ ከስምና ከዕድሜ ሌላ «ዐይን ምስክር» ወይም «ከእገሌ የሰማ» የሚል ዓምድ ይጨምሩ፤ የፈራ ሰው ካለ ስሙ በምልክት ይተካ። ቅጂውን በስልክዎ ብቻ አያስቀምጡ፤ አንዱን ለተቋሙ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ለቤተሰቡ ይስጡ። አማካሪዎ ጋ ሲሄዱ ደግሞ ክርክሩን ትተው የደብረ ሊባኖስን ሁለት ቁጥሮችና ያንን ዓምድ ይዘው ይግቡ።